የነፍስ አባት የሌለው ኑዛዜ፦ የጃፓን ሴት ደራስያን ጨለማ ልብ ወለድና የቴሌቪዥን ድራማው

ባል ለእራት ተቀምጧል። ሚስት ሳህን አምጥታ ፊቱ ታስቀምጣለች። ሳህኑ ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተከተፈ ጥሬ ጥቅል ጎመን አለ። ከጎመኑ አጠገብ ክሮኬት፣ ማለትም የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ መኖር ነበረበት። ያለው ግን የድስት መፈግፈጊያ ብሩሽ ነው። ሚስት አልጮኸችም፣ ሳህን አልወረወረችም። የባሏ ልብ ሌላ ሴት ዘንድ እንደቀረ ታውቃለች፤ ማወቋን የነገረችው በዚህ ነው።

ትዕይንቱ ቶካይ ቴሌቪዥን በ2002 ከሠራው «ሺንጁ ፉጂን» ወይም «የዕንቁ እመቤት» ከተባለ የቀትር ድራማ የተወሰደ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ድራማው የሚታየው ባል ሥራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ የቤት እመቤቷ ብቻዋን በምትቀርበት ሰዓት ነበር። ጃፓኖች ብሩሿን ዛሬም እየሳቁ ያነሷታል። እኔም መጀመሪያ ሳያት ስቄያለሁ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሴትዮዋ ሆድ ይፍጀው ብላ የያዘችውን ለማውጣት ብሩሽ ያስፈለጋት፣ ቃሏን የሚሰማ ስለሌለ ነው። ከዚያ ወዲህ የጃፓንን ጨለማ የሥነ ልቦና ትሪለር ሳነብም ሳይም የምከታተለው ይህንኑ ሆኗል፤ ሴቲቱ ትናገራለች ወይስ ዝም ትላለች? ከተናገረችስ ለማን?

ጃፓንኛ ለእንዲህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ከ2000ዎቹ ወዲህ የራሱ ስም አለው፤ «ኢያሚሱ» ይሉታል። «ኢያ» የሚያስጠላ፣ የሚጎረብጥ ነው፤ «ሚሱ» ደግሞ «ሚስተሪ» ከሚለው የፈረንጅ ቃል ተቆርጦ የቀረ። አንብበው ሲጨርሱት አፍ ላይ የሚመር የወንጀል ታሪክ ማለት ነው። ገዳዩ ይታወቃል፣ አንዳንዴም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታወቃል፤ መታወቁ ግን ማንንም አያሳርፍም። በዚህ ስም በብዛት የሚነሡት ሦስት ደራስያን ሚናቶ ካናኤ፣ ማሪ ዩኪኮ እና ኑማታ ማሆካሩ ናቸው፤ ሦስቱም ሴቶች ናቸው (ጃፓኖች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፣ እኔም እንደነሱ አድርጌያለሁ)። ኑማታ በ1948 ተወልዳ የቤት እመቤት ሆና የኖረች፣ በኋላ የቡድሃ ካህን የሆነች፣ ኩባንያም ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ለመጀመሪያ ልብ ወለዷ ሽልማት ያገኘችው በ2004፣ ስድስተኛ አሥርቷን ካጋመሰች በኋላ ነው። ሚናቶ በ1973 በሂሮሺማ አውራጃ ባለች ደሴት ተወለደች፤ ቶንጋ ሄዳ በበጎ ፈቃደኝነት አገልግላለች፣ የቤት አያያዝ ትምህርት አስተምራለች፣ የጻፈችው ደግሞ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ሌሊት ነው። እነዚህ ሴቶች ማድ ቤቱን ለጥናት ብለው የጎበኙት አይደሉም፤ ኖረውበታል።

ከእነሱ በፊት ቴሌቪዥኑ ለወንጀለኛ ሴት የሰጣት ቦታ ገደል አፋፍ ነበር። «የሁለት ሰዓት ሰስፔንስ» የሚባለው የጃፓን ፕሮግራም በ1977 ቴሌቪዥን አሳሂ ላይ ጀምሮ ለአርባ ዓመት ዘለቀ፤ ሌሎች ጣቢያዎችም የየራሳቸውን አቆሙ። ያየ ሰው አጨራረሱን ተኝቶም ያውቀዋል። ባሕር ከታች ይናወጣል፣ ነፋስ የሴቲቱን ፀጉር ይበትናል፣ መርማሪው ሁለት ሜትር ርቆ ይቆማል፣ እሷም ለምን እንደገደለች እያለቀሰች ትዘረዝራለች። መነሻው በ1961 ከወንጀል ልብ ወለድ ደራሲው ከማትሱሞቶ ሴይቾ መጽሐፍ የተሠራ ፊልም እንደሆነ ይነገራል። በዚያ አፋፍ ላይ ሴቲቱ ትናዘዛለች፣ ወንዱ ይሰማል፣ ታሪኩ ይዘጋል። እኛ ዘንድ ሰው የሚናዘዘው ለነፍስ አባቱ ነው፤ ከተናዘዘ በኋላም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» የሚል ቃል ይጠብቃል። የገደሉ መርማሪ ያንን ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር ማለት ይቻላል፤ ይሰማል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ካቴናውን ያወጣል።

መጽሐፎቹ ላይ ደግሞ ሴቲቱ ከነጭራሹ ድምፅ ያልነበራት ጊዜ አለ። ሚያቤ ሚዩኪ በ1992 ያሳተመችው «ካሻ» የተባለ ልብ ወለድ በቁስል ፈቃድ ላይ ያለ አንድ መርማሪ የጠፋች ሴት ሲፈልግ ይከተላል። ሴቲቱ የቤት ብድር ዕዳ ቤተሰቧን የበተነባት ናት፤ ከአራጣ ሰብሳቢ ለማምለጥ የሌላ ሴት ስምና የቤተሰብ መዝገብ ሰርቃ በዚያ ትኖራለች። መጽሐፉን የዘመኑን የዕዳ ሥርዓት የሚያሳይ ምርጥ ሥራ አድርጌ ነው የማየው። ከመቶዎች ገጾች በኋላ ሴቲቱ በአካል የምትታየው መጨረሻው ላይ ነው፣ አንድ ቃል ከአፏ ሳይወጣም መጽሐፉ ያበቃል። ስለሷ ሁሉም ሰው ተናግሯል፤ ጎረቤት፣ የቀድሞ ባል፣ ባንክ፣ ጠበቃ።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1997፣ ኪሪኖ ናትሱኦ «አውት»ን አወጣች፣ ነገሩም ተገለበጠ። ቦታው ከቶኪዮ ወጣ ያለ የምሳ ዕቃ ፋብሪካ ነው፤ በየሱቁ የሚሸጠው የታሸገ ምሳ የሚዘጋጅበት። አራት ሴቶች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ይሠራሉ። ነጭ ልብስ ለብሰው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ምሳ ዕቃውን የሚያሳልፈው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ፊት ይሰለፋሉ፤ አንዷ ሩዝ ታወጣለች፣ ሌላዋ ትደለድላለች፣ ሌላዋ ወጡን ታፈሳለች። ሩዝ መደልደሉ ከባድ ስለሆነ ማን እዚያ እንደሚቆም በዓይን ይጣላሉ። አንዷ ቤት የአልጋ ቁራኛ አማት አለቻት። አንዷ አራጣ አበዳሪ በር ያንኳኳባታል። ዋናዋ ማሳኮ ከሃያ ዓመት በላይ በሠራችበት የብድር ተቋም የወንዶቹን ያህል ይከፈለኝ ብላ ተገፍታ የወጣች ናት። አራተኛዋ፣ ያዮይ፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ቁማር ላይ ጨርሶ የደበደባትን ባሏን በቀበቶ አንቃ ትገድለዋለች። የቀረው በማሳኮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይከናወናል። ኪሪኖ ሬሳው ሲቆራረጥ የጻፈችበት መንገድ ሩዙ ሲደለደል ከጻፈችበት የተለየ አይደለም፤ ያው የሥራ ክፍፍል፣ ያው ድካም፣ ያው የክፍያ ንትርክ። ያስደነገጠኝ ደሙ ሳይሆን ይህ የሥራ ልማድ ነው። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት የጃፓን የወንጀል ደራስያን ማኅበርን ሽልማት ወሰደ፤ በ1999 ፉጂ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ አደረገው፤ እንግሊዝኛው በ2004 ኤድጋር ለተባለው የአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለድ ሽልማት ታጨ።

ከዚያ 2008 መጣ፣ የሚናቶ «ኮኩሃኩ»ም አብሮ። ርእሱ «ኑዛዜ» ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። የትምህርት ዓመቱ ማብቂያ ቀን ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጆች የታደላቸውን የካርቶን ወተት ጠጥተዋል። የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ሞሪጉቺ ሥራ መልቀቋን ትነግራቸዋለች። ረጋ ባለ የመምህር አንደበት፣ ስለ ወተቱም ስለ ሙያዋም ታወራለች፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ። ቀስ በቀስ ወሬው የአራት ዓመት ልጇ ወደሞተችበት ወደ ትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ይወርዳል። አደጋ ተብሏል። አደጋ አይደለም፤ የገደሏት ሁለት ልጆች እዚሁ ክፍል ተቀምጠዋል፣ ትላለች። ለፖሊስ አልተናገረችም። የጃፓን የወንጀል ሕግ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ አይቀጣም፤ በ1997 በኮቤ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሰው ከገደለ በኋላ ሕጉ ሲሻሻል በወንጀል ለመጠየቅ የሚያበቃው ዕድሜ ከ16 ወደ 14 ወረደ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ስለዚህ የራሷን ፍርድ ሰጥታለች። የሁለቱ ልጆች ወተት ውስጥ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደም ጨምሬአለሁ ትላቸዋለች። ባዶ ካርቶኖቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

እዚህ ላይ ደራሲዋን አልወድላትም። በዚያ መንገድ ቫይረሱ የመተላለፉ ነገር እጅግ አጠራጣሪ ነው፤ ታሪኩ የሚሠራበት መሣሪያም በሽታው ሳይሆን መገለሉ ነው። በእኛ አገር የኤች አይ ቪ መገለል ስንት ቤት እንዳፈረሰ ያየ አንባቢ ያን ገጽ ሲያነብ ሌላ ሕመም ይሰማዋል። ሆኖም የምዕራፉ አሠራር አስደናቂ ነው። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው የሚሰማው የመምህርቷ ድምፅ ብቻ ነው። ልጅ ጥያቄ ሲጠይቅ እንኳ ጥያቄውን የምናውቀው ከእሷ መልስ ነው። ማንም አያቋርጣትም። ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ ደግሞ የሌላ ሰው ነው፤ ተማሪዋ፣ የገዳዩ እናት፣ ገዳዩ ራሱ፣ ሁሉም በተራቸው ይናዘዛሉ፣ አንዱ የተናገረውንም ሌላው ያፈርሳል። ገደል የለም፣ መርማሪ የለም። ይፍታሽ የሚል የለም። አንባቢው ያለፈቃዱ የነፍስ አባት ወንበር ላይ ይቀመጥና ሥልጣነ ክህነቱ እንደሌለው ይረዳዋል። ያ መራራ ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

መጽሐፉ በ2009 የመጽሐፍ ሻጮች ሽልማትን አገኘ፤ በ2010 ናካሺማ ቴትሱያ ማትሱ ታካኮን መምህርት አድርጎ የሠራው ፊልም ከ3.8 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ልብ በሉ፣ ይህ ሲኒማ ነው። ቴሌቪዥን ሌላ ጣጣ አለው።

የንግድ ጣቢያ የሚኖረው በስፖንሰር ነው። ሳሙና የሚሸጥ ኩባንያ ማስታወቂያውን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሬሳ ከሚቆራረጥበት ትዕይንት አጠገብ ማየት አይፈልግም። ሌላው ችግር የካሜራው ነው፤ ካሜራ ሰውን ከውጭ ያያል፣ እነዚህ መጽሐፎች ግን ከውስጥ የሚወራ ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ጨለማው ሳይቀልጥ የቀረው በአብዛኛው ስፖንሰር በሌለበት ነው፤ ተመልካች ወርኀዊ ክፍያ በሚከፍልበት ዋውዋው ላይ እና ሕዝብ በሚከፍለው ክፍያ በሚተዳደረው ኤንኤችኬ ላይ። ኤንኤችኬ በ2010 የካኩታ ሚትሱዮን አንድ ልብ ወለድ ድራማ አደረገ፤ ባለትዳር ፍቅረኛዋ ከሚስቱ የወለዳትን ሕፃን ሰርቃ እየሸሸች የምታሳድግ ሴት ታሪክ ነው። በ2014 ደግሞ የዚያችኑ ደራሲ «ካሚ ኖ ትሱኪ»፣ «የወረቀት ጨረቃ» የተባለውን ሠራ። እዚያ ያለችው ሴት በትርፍ ሰዓት የባንክ ሠራተኛ ሆና ከአረጋውያን ደንበኞች ቤት ገንዘብ ትሰበስባለች። አንድ ቀን መዋቢያ ስትገዛ ኪሷ ውስጥ ያለው አልበቃ ይላል። ቦርሳዋ ውስጥ የደንበኛ ገንዘብ አለ። ትንሽ ትወስዳለች፣ ወዲያው ከራሷ ሂሳብ አውጥታ ትተካለች። ማንም አልተጎዳም። ታሪኩ የሚያልቀው 100 ሚሊዮን የን ጎድሎ ነው። እኔን ያስፈራኝ መቶ ሚሊዮኑ ሳይሆን የመጀመሪያዋ ቀን የተመለሰችው ገንዘብ ናት።

የንግድ ጣቢያ የሆነው ቲቢኤስ የሚናቶን መጽሐፎች በ2013፣ በ2014 እና በ2017 ድራማ ሲያደርግ ሌላ መንገድ ሄደ። ፕሮዲዩሰሯ አራይ ጁንኮ፣ ዳይሬክተሯ ትሱካሃራ አዩኮ፣ ጸሐፊዋ ኦኩዴራ ሳቶኮ፣ ሦስቱም ሴቶች ናቸው፤ የሠሩት ደግሞ በጥንቃቄ ነው። የ2014ቱን «ለኤን ስል» የተባለውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ደግሜም አያለሁ። ግን ሐቁን ለመናገር መራራውን በፍቅር ታሪክ ለውሰውታል። መጽሐፉ ላይ ማን ማንን እንደወደደ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ድራማው ላይ ይቻላል፣ እናለቅሳለን፣ ይወጣልናል። መውጣቱ ነው ልዩነቱ።

የጃፓን ድራማ ሳያውቀው የእኛን ሳሎን የሚዋሰንበት መንገድም አለ። ቃና ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ መስማት ለምደናል፤ ከቱርኮቹ ዝነኛ ሥራዎች የአንዳንዶቹ ምንጭ ግን ጃፓን ነው። በ2016 የተሠራው «አኔ» እና በ2017 የተሠራው «ካድን» መነሻቸው ሳካሞቶ ዩጂ ለኒፖን ቴሌቪዥን የጻፋቸው «ማዘር» እና «ውመን» ናቸው። «ማዘር» ላይ አንዲት መምህርት፣ እናቷ በቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ከትታ በብርድ ሌሊት ያስወጣቻትን ተማሪ ታገኛለች፣ ይዛትም ትጠፋለች። ሕፃን የሰረቀች እናት እንደገና።

ለምን ጃፓን ውስጥ ነው ይህ የበዛው ሲባል «ጨለማ ኅብረተሰብ ስለሆነ» የሚሉ አሉ። ይህ ስንፍና ይመስለኛል። ጃፓን በዓለም ላይ ግድያ እጅግ ጥቂት ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ሴቲቱ በሌሊት ባቡር ስትመለስ ከምትፈራው ይልቅ ቤቷ ገብታ በሩን ስትዘጋ የሚጀምረው ነው ታሪኩ። በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የወጣው ሕግ የ2001 ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 750 ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ያስገድዳል፤ ስሙን የምትጥለው ከመቶ ጥንዶች በ95ቱ ገደማ ሴቷ ናት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2015 እና በ2021 ይህ ሕገ መንግሥት አይጥስም ብሏል። ብታገባም ብትፈታም የአባቷን ስም ይዛ ለምትኖር አበሻ ይህ ግር ይላል። «ካሻ» ላይ ሴት ሌላ ሴት ሆና መኖር የቻለችው አንዱም ስለዚህ ነው፤ የሴት ስም ሲቀየር ማንም አይገረምም። ሥራውም ቢሆን፣ ከሚሠሩት ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት ቋሚ አይደሉም፤ የምሳ ዕቃ ፋብሪካዋ፣ የትርፍ ሰዓት ባንክ ሠራተኛዋ። ደራስያኑ ጭራቅ መፍጠር አላስፈለጋቸውም።

አሁን እነዚህ መጽሐፎች ከጃፓን ውጭ ያላቸው ገበያ ደርቷል። የዩዙኪ አሳኮ «ባተር»፣ ቅቤ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው በ2024 ወጥቶ በዚያው ዓመት ዋተርስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ መጽሐፍ መደብር የዓመቱ መጽሐፍ ብሎ መረጠው። በ2025 ደግሞ ኦታኒ አኪራ ለትርጉም ሥራ የሚሰጠውን የእንግሊዝ የወንጀል ደራስያን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሆነች። «ባተር» ላይ አንዲት ጋዜጠኛ በማረፊያ ቤት ያለች፣ ወንዶችን በምግብ አጥምዳ ገድላለች የተባለችን ሴት ልታነጋግር ትሄዳለች። እስረኛዋ ስለ ክሱ ለመናገር ፈቃደኛ አይደለችም። ይልቅ የቤት ሥራ ትሰጣታለች፤ ትኩስ ሩዝ፣ ከማቀዝቀዣ በዚያው ቅጽበት የወጣ ጥሩ ቅቤ፣ ጥቂት የአኩሪ አተር ሶስ፣ ቅቤው ሳይቀልጥ በፊት መጉረስ። ጋዜጠኛዋ ትታዘዛለች፣ ትወፍራለች፣ የሥራ ባልደረቦቿም ውፍረቷን ከጽሑፏ በላይ ያወሩበታል። እኛ ሽንጋይን «ቅቤ አንጓች» እንላለን፤ እስረኛዋ ቃል በቃል ያ ናት፣ ለተራኪዋም ለአንባቢዋም።

አንድ ነገር ግን ይጎረብጠኛል። የ«ባተር» መነሻ በሦስት ወንዶች ግድያ ሞት የተፈረደባት፣ ፍርዷም በ2017፣ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ የጸናባት እውነተኛ ሴት ናት። ኪሪኖም በ2003 ባወጣችው «ግሮቴስክ» በ1997 ቶኪዮ ውስጥ የተገደለች፣ ቀን የትልቅ ኩባንያ ሠራተኛ ማታ ሴተኛ አዳሪ የነበረች ሴትን ታሪክ መነሻ አድርጋለች። ጋዜጦች ያኔ ገዳዩን ትተው የሟቿን ገመና ነበር የሚያወጡት፤ በግድያው የታሰረ ኔፓላዊ ደግሞ ነፃ የተባለው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው። ደራስያኑ ጋዜጦቹን ለመክሰስ እንደጻፉ ይገባኛል። የሞተችው ሴት ግን በልብ ወለዱም አፏ ውስጥ የገባው ቃል የሌላ ሰው ነው።

ለመጀመር የሚፈልግ ካለ፣ መጽሐፍ ከማንሣቱ በፊት ለቴሌቪዥን ከተሠራው «ሾኩዛይ» ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ንስሐ፣ የበደል ካሳ እንደ ማለት ነው። ኩሮሳዋ ኪዮሺ የሚናቶን ልብ ወለድ በ2012 ለዋውዋው በአምስት ክፍል ሠራው። አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ትገደላለች፤ አብረዋት የነበሩ አራት ጓደኞቿ የገዳዩን ፊት ማስታወስ አልቻሉም። የሟቿ እናት አራቱን ሕፃናት ሰብስባ ገዳዩን ፈልጉልኝ፣ አለዚያ እኔን የሚያረካ ካሳ ክፈሉ ትላቸዋለች። የግድያ ይርጋ ያኔ 15 ዓመት ነበር፤ የጃፓን ሕግ ይርጋውን ያነሣው በ2010 ነው። መጽሐፉ ላይ ሴቶቹ ካደጉ በኋላ በየተራ ይናገራሉ፣ አንዷ በደብዳቤ፣ ሌላዋ በወላጆች ስብሰባ ፊት። ኩሮሳዋ ድምፁን ወደ ካሜራ እንዴት እንዳዞረው ያስቀናል። ኮይዙሚ ኪዮኮ የምትጫወታት እናት በየክፍሉ ትመጣለች፣ ታያለች፣ ትሰማለች፣ አትፈታም። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ከአራቱ አንዷ ትዳር ይዛለች። ባሏ ጨዋ ነው፣ አይሳደብም፣ አይመታም። ልጅ ሳለ ከቤቷ የሰረቃትን የፈረንሳይ አሻንጉሊት እስከ ዛሬ አስቀምጧታል፤ ማታ ማታ ሚስቱን እንደዚያች አሻንጉሊት ያለብሳትና ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እሷም ትቀመጣለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳትንቀሳቀስ።